አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር

እኔ ገና ተኝቼበት ሳለሁ ክፍሌ ተከራየ። በእኔና በእህቴ መኝታ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ቺፕውድ ነው፤ አንዳችን ስናስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ዓርብ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እህቴ እናትነሽ ባሏን፣ "ልጅቷ ስድስት ሺህ ልትከፍል ተስማምታለች፣ ፍራሿንም ማታ አምጥታለች፤ ለታጠቅ ግን እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?" ስትላቸው ሰማሁ። ባሏ ጋሽ ዲበኩሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የሚከብድ ነገር ሲመጣ ወደ ላይ ያስተላልፋሉ። "በጸሎት እንያዘው" አሏት። ስድስት ሺሁን ግን በእጃቸው እንደሚይዙት አልተጠራጠርኩም። ስወጣ ፍራሹ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ በጎን አለፍኩት። እህቴ ለቁርስ ሁለት እንቁላል ጠበሰችልኝ። እንቁላል ሃያ ብር በገባበት ዘመን ሁለት የሚጠበስለት ሰው ወይ ታሟል ወይ ሊሸኝ ነው። እሷ ስለ ፍራሹ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። "ዛሬ ያልቅልሃል አይደል?" ብቻ አለችኝ። "ያልቃል፣ እቴቴ" አልኳት። አልፈረድኩባትም፤ አራት ዓመት ሙሉ ኪራይ ያልጠየቀችኝ ሴት ናት። ትንሽ ግን ከፋኝ።

ማለቅ ያለበት ክሊራንስ ነው። ባለቤቴ ጋዲሴ አቦምሳ አስተማሪ ናት፤ እኔ አዳማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አራት ዓመት በስልክ ተጋብተን ኖረናል። ልጃችን ትህትና አምስት ዓመቷ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ አባትሽ የት ነው ያለው ብለው ቢጠይቋት "ስልክ ውስጥ" አለች አሉ። ጋዲሴ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። በስድስተኛው ማመልከቻዬ ወደ አቦምሳ ቅርንጫፍ ዝውውር ተፈቀደልኝ፤ የተፈቀደው ግን ለሠላሳ ቀን ነው፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ክሊራንስ ያልጨረሰ ሰው ቦታው ለተከታዩ ይሰጥበታል። ዛሬ ሠላሳኛው ቀን ነው። ለመቀጠር አራት ፊርማ በቅቶኝ ነበር፤ ለመሄድ አሥራ ስድስት ያስፈልጋል። አሥራ አምስቱን ጨርሻለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ እንኳ ያልመለስኩት መጽሐፍ እንደሌለ ፈርሞልኛል፤ መሥሪያ ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የለውም፣ ፈራሚ ግን አለው።

አሥራ ስድስተኛው የንብረት ክፍል ኃላፊው የአቶ መርዳሳ ፊርማ ነው። በእሳቸው መዝገብ ላይ በእኔ ስም "ኮምፒውተር፣ አማርኛ የሚጽፍ፣ ብዛት አንድ፣ ሁኔታ፦ የሚሠራ" የሚል ተጽፏል። ይህ ኮምፒውተር በ1979 ዓ.ም. ከእርዳታ ሰጪዎች የመጣ፣ የዳቦ ቅርጫት የሚያህል፣ ጥርሱ የገረጣ አዛውንት ነው። እንደ ዛሬዎቹ ሥርዓቱን ከዲስክ አይጭንም፤ ማስነሻውም፣ ማዘዣውም፣ ፊደሉም አንድ ቺፕ ላይ ተጽፈው ሰውነቱ ውስጥ ተተክለዋል። ሲያበሩት ወዲያው ነቅቶ "ዝግጁ" ይላል፤ ከመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ይህን የሚለው እሱ ብቻ ነው። ቺፑ አናቱ ላይ የጥፍር ያህል የመስታወት መስኮት አለው። በዚያ መስኮት ኃይለኛ ብርሃን ከገባበት የተጻፈበትን ሁሉ ይረሳል፤ ስለዚህ ከላዩ ተለጣፊ ወረቀት ይደረግበታል። የዛሬ አሥር ወር የንብረት ቆጠራ ሲደረግ "አሮጌ መለያዎች ሁሉ ተነሥተው በአዲስ ይተኩ" የሚል ደብዳቤ መጣ። ኮሚቴው ደግሞ ለደብዳቤ ያለው ታማኝነት አይጣል ነው። ወንበር ገልብጦ፣ መሳቢያ ነቅሎ፣ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈትቶ፣ ውስጥ ያገኘውን ተለጣፊ በምላጭ ልጦ አወጣ። አዲሱን ቁጥር ክዳኑ ላይ ለጠፈ፤ ብሎኖቹ ስለጠፉ ክዳኑን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠ፤ ኮምፒውተሩን ወደ ምዕራብ በሚያየው መስኮት ሥር ተወው። የአዳማ ፀሐይ ዘጠኝ ወር አነበበችው። አንብባም ጨረሰችው።

ይህን የደረስንበት ላስረክብ በሄድኩ ቀን ነው። አቶ መርዳሳ በሕይወታቸው አብርተውት አያውቁም፤ ያን ቀን ግን "እስቲ አብራው" አሉኝ። ባዶ አረንጓዴ ስክሪን ወጣ። የፀሐይዋን ነገር ሳስረዳ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ የቆጠራ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሳቸው ስለነበሩ ብዙ ትዕግሥት አስፈልጓቸዋል። "እንግዲህ ታጠቅ፣ ፀሐይዋን ጠርተን አንጠይቃት" አሉኝ። "ንብረቱ በስምህ ነው። የሚሠራ ተረክበሃል፣ የሚሠራ መልስ።" ዋጋውን ልክፈል አልኩ። ዋጋ የሚያወጣ ኮሚቴ መቋቋም አለበት፣ እሱም ከገበያ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል አሉኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ለሞላው ኮምፒውተር ሦስት ፕሮፎርማ።

ስለዚህ ዓርብ ጧት ቺፑን ነቅዬ፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ በጥጥ አስተኝቼ፣ ወደ ወለንጪቲ ተሳፈርኩ። ወለንጪቲ የሚኖሩት ጋሽ ገብረኪዳን ናቸው፤ የመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያው ቴክኒሻን፣ ያንን ቺፕ የጻፉት ሰው። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሚኒባሱ ወርጄ በባጃጅ ሃያ ብር ከፍዬ ስደርስ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ቀጭን፣ የማይስቁ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ። ደህና አደርክ ከማለታቸው በፊት የክብሪት ቀፎውን ተቀበሉኝ፤ መስኮቷን በመነጽራቸው አዩዋት። "ተለጣፊው የት ሄደ?" አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ ቺፑን ሐምራዊ መብራት ያለባት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከተው ዘጉባት፤ ፀሐይ የጀመረችውን ሃያ ደቂቃ አጥበው ሊጨርሱት ነው፤ አዲስ የሚጻፈው ባዶ ላይ ብቻ ነውና። ክፍላቸው ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሴት ልጃቸው የሰጠቻቸው ላፕቶፕና በወተት ቆርቆሮ የተሞሉ ቺፖች አሉ። የአንድ ሰው ብርጭቆ፣ የአንድ ሰው ሣህን።

ችግሩ ወዲያው መጣ። ቺፑ የሚይዘው ሠላሳ ሁለት ኪሎባይት ነው፤ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ እንዲህ ያለ መቶ ቺፕ ይሞላል። ጋሽ ገብረኪዳን እጅ የቀረው ቅጂ ግን በኋላ ያሻሻሉት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ይሆናል። "ትልቁን ቺፕ እንዲገዙልኝ ጠይቄ ነበር" አሉ። "መቼ?" አልኳቸው። "በ1983።" ስለዚህ አራት ኪሎባይት የሚያህል ነገር መውጣት አለበት። እኔ የአሥራ አንድ ሰዓቱን የቢሮ መዝጊያ እያሰብኩ አቋራጭ አመጣሁ። "ጋሼ፣ መርዳሳ የሚያዩት ስክሪኑን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስምና 'ዝግጁ' የምትለዋን ብቻ እንጻፍበት፤ ሌላው ይቅር፤ በአሥር ደቂቃ እንጨርሳለን።" መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ሠርቶ ሳይሆን ተመስሎ የሚኖርማ እዚያው ሞልቶላችኋል" አሉ። "ለእሱ እኔ ጋ መምጣት አያስፈልግህም ነበር።" አፈርኩ፤ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዚያች ሠላሳ ስድስት ላይ ስንቀንስ ቆየን። መጀመሪያ የካሴት ማጫወቻው ሄደ፤ ካሴት የለም። የማተሚያው ማዘዣ ሄደ፤ ማተሚያው የዛሬ ሃያ ዓመት በጨረታ ተሽጧል። ከዚያ የስሕተት መልእክቶቹ መጡ፤ ማሽኑ ሲሳሳት ምን እንደተሳሳተ የሚናገርባቸው ዘጠኝ መቶ ባይት። "ይውጡ" አሉ ጋሽ ገብረኪዳን። "ሲሳሳት ዝም ይበል፤ አለቆቹም እንደዚያው ናቸው።" ፊደሎቹ ላይ ስንደርስ እጃቸው ቆመ። እያንዳንዱን ፊደል ያኔ በ1979 በካሬ ደብተር ላይ ነጥብ በነጥብ ሥለውታል፤ አንዱ ፊደል አሥራ ስድስት ባይት። እኔ "ጳና ጴን ብዙ ሰው አይጽፋቸውም" ብዬ ሞከርኩ። "ጳን ባወጣ ጳጳሱ ይቀየሙኛል፣ ጴን ባወጣ እናንተ ጴንጤዎቹ" አሉ፤ የዚያን ቀን የቀለዱት እሷን ብቻ ነው። አንዲትም ፊደል ሳያወጡ፣ በየትእዛዙ መካከል ሁለት ባይት እዚህ፣ ሦስት ባይት እዚያ እየለቀሙ፣ እንደ ጤፍ ለቃሚ ጎንበስ ብለው ጨረሱት። በመጨረሻ ሠላሳ ሁለት ኪሎባይት ሞልቶ አሥራ አንድ ባይት ተረፈ። አሥራ አንዱን ባይት ሲያዩ ፊታቸው ላይ የታየውን ደስታ በደመወዝ ቀን እንኳ በማንም ላይ አይቼ አላውቅም።

መብራት የጠፋው ያኔ ነው። ከቆቃ ግድብ ሦስት እርምጃ ርቀን እየኖርን መብራት ሲጠፋብን የሚገርመን እኛው ነን። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ቺፑ ላይ የምትጽፈዋ መሣሪያ ግን የለትም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ሁሉንም ታቅፈን መንገዱን ተሻግረን ጄኔሬተር ያላት ፀጉር ቤት ገባን። ጄኔሬተሯ ግን መሣሪያችንንና የፀጉር ማሽኑን አንድ ላይ አልቻለችም፤ ስለዚህ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ይጠብቀን ጀመር። "ምንድን ነው የሚሠሩት?" አለ ፀጉር አስተካካዩን። "ለኮምፒውተር አእምሮ እየጻፉ ነው" አለው። ሰውየው ግማሽ ራሱን በመስታወት አየና "ለመንግሥት ከሆነስ ደህና" አለ።

ስንጠብቅ ጋሽ ገብረኪዳን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ "ተረካቢስ አግኝተሃል?" አሉኝ። የምን ተረካቢ አልኳቸው። "የሚሠራ ንብረት መጋዘን አይገባም። ሰው ስም ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ድሬዳዋ ዝውውር አሥራ አንድ ዓመት ጠይቄያለሁ። ሦስት ጊዜ ተፈቅዶልኛል። ተረካቢ አልተገኘም።" ባለቤትዎስ ብዬ ጠየቅኋቸው። "እሷ መጠበቅ ሰለቻት" አሉ፤ ያን ጊዜ መሣሪያዋ ጨርሳ ጮኸች። ቺፑን አውጥተው፣ መስኮቷን በጥቁር ፕላስተር ሸፍነው፣ ወደ ክብሪት ቀፎዋ መለሷት። ገንዘብ ላውጣ ስል እጄን ያዙኝ። "ልጅህን ሳምልኝ" አሉኝ። እንደ አባቴ አቅፌያቸው ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ደረስኩ። አቶ መርዳሳ "አካም ኦልቴ፣ ታጠቅ፤ ተሳካ?" ብለው በኦሮምኛ እንዴት ዋልክ አሉኝ፤ ቺፑን ተከልኩ፤ ክዳኑን ከቁም ሣጥኑ አውርጄ ደፋሁበት፤ አበራሁት። ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ያውም ከሦስት ስም በፊት የነበረው ስሙ፣ ከሥሩም "ዝግጁ" የሚል ወጣ። አቶ መርዳሳ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ በአንድ ጣታቸው ስማቸውን ጻፉ። ስማቸው ወጣ። የአባታቸውን ስም ጨመሩ፤ እሱም ወጣ። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱት፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት "በራስ አቅም የተጠገነ" ብለው ሲልኩ አየሁ። በራስ አቅም የተባለው የእሳቸው አቅም ነው። ከዚያ መዝገቡን ገለጡ፤ ብዕራቸውን ከፈቱ፤ ደስ አለኝ፤ መልሰው ገጠሙት። "በል ማን ይረከብልህ?" አሉ።

መጋዘን እንዲገባ ለመንኩ። መጋዘን የሚገባው ወይ አዲስ ነው ወይ የተበላሸ ነው፤ ይሄ ደግሞ አዲስም አይደለም፣ አልተበላሸም፤ ይሠራል። ወደ ሥራ ክፍላችን ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ስብሰባ ጠርተን ሞልተው የማያውቁ ዘጠኝ ሰዎች፣ አሁን ግን በአንድ አሳብ ተነሡ፤ አንዱ ስልክ ተደወለለት፣ አንዷ ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ሆነ፣ ሁለቱ ሽንት ቤት ሄዱ፤ የእኛ ሽንት ቤት አንድ ሰው ነው የሚይዘው። ሁሉም የሆነ ከተማ የሚጠብቃቸው ሰው አላቸው። እኔ ብቻ ነበርኩ አላዋቂ። በተቀጠርኩ በሦስተኛው ቀን ቀልቤሳ የሚባል ባልደረባ ትከሻዬን አቅፎ "ፈርምልኝ፣ ምንም አይደለም" ሲለኝ፣ ሰው እንዲህ ይወደኛል እንዴ ብዬ ተደንቄ ነበር። በሳምንቱ ቢሾፍቱ ገባ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ።

አቶ መርዳሳ ራሳቸው መላ አመጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሁልጊዜ በሌላ ሰው ላይ ነው የሚወጣው። "ፋኢዛ ትምጣ" አሉ። ፋኢዛ ከተቀጠረች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ጠረጴዛ ስላልተሰጣት በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ የምትቀመጥ ልጅ። መጣች። ማሽኑን ስታይ እውነተኛ ደስታ አየሁባት፤ "ጋሽ ታጠቅ፣ እርስዎ ነዎት ያሠሩት? በእኛ ፊደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። አቶ መርዳሳ ሁለት ጊዜ አስጻፏት፤ ስሟ ወጣ። ከዚያ መዝገቡን አዞሩላት፤ ብዕሩን ሰጧት። ጣቷን በስም ዝርዝሩ ላይ አንሸራተተች፤ ገብረኪዳን፣ ቀልቤሳ፣ ታጠቅ። ለመፈረም ጎንበስ ካለች በኋላ ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ወደ አቶ መርዳሳ ሳይሆን ወደ እኔ።

"ጋሽ ታጠቅ፣ ባለቤቴ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ በፈረቃ ስለሆነ እሱ መምጣት አይችልም። ዓመት ስሞላ እኔ ዝውውር እጠይቃለሁ ብለን ነው የተነጋገርነው። ይሄ ነገር ችግር የለውም አይደል?"

አቶ መርዳሳ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ማጥናት ያዙ። ጋሽ ገብረኪዳን ትዝ አሉኝ፤ የአንድ ሰው ሣህናቸው ትዝ አለኝ። ልጅቷ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሂና እጇ ላይ ገና አልለቀቀም። አንድ ቃል ብናገር ብዕሩን ታስቀምጣለች። ያን ቃል አፌ ውስጥ አገኘሁት፤ ሙሉ ነበር፤ ለመውጣት ምንም አልጎደለውም። ሰዓቴን አየሁ።

"ምንም ችግር የለውም" አልኳት። "ይሠራል።"

ፈረመች። አቶ መርዳሳም ፈረሙ፤ ማህተሙን ሁለቴ ተፉበትና አተሙልኝ። ፋኢዛ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ እንዴት እንደሚያዝ ጠየቀችኝ፤ ክዳኑ እንዳይከፈት፣ ፕላስተሩ እንዳይነሳ፣ ከመስኮት እንዲርቅ አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ ሁሉንም ጻፈች። በዚያ መሥሪያ ቤት በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ በደንብ ያስረዳሁት ነገር የለም። "አላህ ይስጥዎት፤ እንደ እርስዎ ዓይነት ሰው እዚህ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም" አለችኝ። 'እንኳን አደረሰሽ' ልበላት 'አሜን'፣ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

እህቴ ሻንጣዬን አውቶቡስ ተራ ድረስ ይዛ መጣች፤ ቅር እንዳይለኝ ብላ ሦስት ኪሎ ብርቱካን ገዝታልኛለች። ስለ ክፍሉ አሁንም አልተነጋገርንም፤ ተቃቀፍን፤ ሁለታችንም አለቀስን፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር። በመጨረሻው የአቦምሳ ሚኒባስ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ጋዲሴ ጋ ደውዬ ተፈረመልኝ ስላት ስልኩን ለትህትና ሰጠቻት። "አባባ፣ ከስልኩ ልትወጣ ነው?" አለችኝ። አዎ ልጄ፣ ወጥቻለሁ አልኳት። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝም ሳለ እንደዚያ ራሴን ጠልቼው አላውቅም። የፋኢዛ ስልክ ቁጥር አለኝ፤ ክሊራንሱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሰኞ ጧት መዝገቡ ይቆለፋል፤ እስከዚያ ፊርማዋን ማንሳት ትችላለች፣ እኔም መመለስ እችላለሁ። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ በደንብ ነው ያሰብኩት። ወለንጪቲ ስንደርስ ሾፌሩ ቀዝቀዝ አደረገ፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ያለውን ራሱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሁላችንንም አየን።

"ወራጅ አለ?" አለ።

ዝም አልኩ። አለፍን።